ትንሿን ደመና የመዘገበው ሊቅ

የረመዳን ወር ሲገባና ሲወጣ ሁላችንም ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን። ልጆች ጉብታ ላይ ይወጣሉ፣ አባቶች በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው ወደ ምዕራብ ያማትራሉ፣ ጨረቃ ታየች አልታየችም የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። በዚያ ሰዓት ከሰው የሚፈለገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ አደራ ነው። ያየ አየሁ ይላል፣ ያላየ አላየሁም ይላል። ጎረቤቱ ስላየ ብቻ ወይም ማየት ስለጓጓ ብቻ ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ምስክርነቱ አይጸናም።

በዛሬው የረመዳን አምዳችን የምናስታውሰው ሰው ይህን የምስክርነት አደራ ከጨረቃ አልፎ በዓይን ለሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ያዋለ ነው። ስሙ አብዱረህማን አል-ሱፊ ይባላል። ከሺህ ዓመት በፊት ከዋክብትን አንድ በአንድ እየተመለከተ ሲጽፍ፣ በመካከላቸው ኮከብ የማትመስል አንዲት ብዥ ያለች ነጥብ አየ፤ ደመና መሰል ብሎም መዘገባት። ምንነቷን አላወቀም፤ አውቃለሁም አላለም። ያየውን ብቻ ጽፎ ለተከታዮቹ አስተላለፈ። ዛሬ ያቺ ነጥብ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብትን የያዘች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ ታውቋል። የሊቁን የሕይወት ታሪክና የዚያችን ደመና ጉዞ እነሆ።

ከረይ የተነሳው ልጅ

ሙሉ ስሙ አቡል-ሁሰይን አብዱረህማን ኢብን ዑመር አል-ሱፊ ነው። የተወለደው በ291 ዓመተ ሂጅራ በሙሐረም ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ903 መጨረሻ ላይ ነው። የትውልድ ከተማው ረይ ዛሬ የኢራን ዋና ከተማ ቴህራን በተስፋፋችበት አካባቢ የምትገኝ ጥንታዊ የንግድና የዕውቀት ማዕከል ነበረች። ዝነኛው ሐኪም አቡበክር አል-ራዚ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፤ አብዱረህማን ሲወለድም በሕይወት ነበር።

ዘመኑ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል በባግዳድ የተቀመጡት የአባሲያ ኸሊፋዎች ሥልጣን እየተዳከመ፣ አገሩ በየአካባቢው አሚሮች እጅ እየገባ ነበር። በሌላ በኩል ግን የዕውቀት ገበያው ደርቶ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን የግሪክ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ተተርጉመዋል፤ ሊቃውንትም በባግዳድና በደማስቆ ሰማዩን መለካት ጀምረዋል። ከተተረጎሙት መጻሕፍት ሁሉ ለከዋክብት ተማሪ የሚበልጠው አልማጀስት የተባለው ነበር። ይህን መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ እስክንድርያ የጻፈው በጥሊሞስ ወይም ቶለሚ ከ1 ሺህ በላይ ከዋክብትን በ48 ምስሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ቦታና ድምቀት መዝግቦ ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። በአገራችን ስለ ከዋክብት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ዕጣ ፈንታን የሚተነብይ ኮከብ ቆጣሪ ነው። አል-ሱፊን ታላቅ ያሰኘው መጽሐፍ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። መጽሐፉ የሚናገረው ይህ ኮከብ የት ነው፣ ምን ያህል ይደምቃል፣ ስሙ ማን ይባላል የሚለውን ነው። በሰማይ ላይ መንገድ እንደሚመራ ካርታ ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት አዋቂዎች

አብዱረህማን ወጣት ሳለ ከዋክብትን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉ መሆናቸውን አስተዋለ። የመጀመሪያዎቹ በጥሊሞስን የተከተሉት ናቸው። ሰንጠረዥ ያነብባሉ፣ ቁጥር ይደምራሉ፣ ከዋክብት የተሳሉበት ሉል ገዝተው በቤታቸው ያስቀምጣሉ። ችግሩ ሉሉን የሠራው የእጅ ባለሙያ ሰማዩን ሳይሆን መጽሐፉን አይቶ የሣለ መሆኑ ነው። መጽሐፉን የገለበጠው ጸሐፊ ቁጥር ከሳተ ሉሉም ይስታል፣ ሉሉን ያየው አዋቂም ይስታል። ስሕተቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማንም ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ አያርመውም።

ሁለተኛዎቹ የዐረብ ዘላኖችን ባህላዊ ዕውቀት የተከተሉት ናቸው። የበረሃ ሰው ሌሊት የሚጓዘው በከዋክብት ተመርቶ ነው። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ፣ ግመሎች መቼ እንደሚወልዱ፣ ጨረቃ በየሌሊቱ የምታርፍባቸው 28 ማደሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ከዋክብትን እያየ ይናገራል። ይህ ዕውቀት በግጥምና በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ከሰበሰቡት ሊቃውንት አብዛኞቹ የቋንቋ ሰዎች ነበሩ። ስሙን ያውቃሉ፣ ግጥሙን ያውቃሉ፣ ኮከቡን ግን በጣታቸው ማመልከት ይቸግራቸዋል።

አብዱረህማን ይህን ለማጣራት ተጓዘ። በ335 ዓመተ ሂጅራ ወደ ዲነወር ሄደ። ዲነወር ስለ ዐረቦች የከዋክብት ወግ ከተጻፉት ሁሉ የሞላውን መጽሐፍ የጻፈው የአቡ ሐኒፋ አል-ዲነወሪ ከተማ ናት። የአቡ ሐኒፋን የቋንቋና የግጥም ዕውቀት ሳይሰስት አደነቀ፤ ሰማዩን በራሱ ዓይን ምን ያህል እንደመረመረ ግን ጠየቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በኢስፋሃን ነበር። ትልቅ ስም ያላቸውን ሊቃውንት ሥራ ሲመረምርም አላለፋቸውም። ዛሬም በዓለም የሚከበረው አል-በታኒ ሳይቀር የቀደመውን መዝገብ በሚገባ ሳይፈትሽ ተቀብሏል ሲል ተችቶታል። ትችቱን የጻፈው ሊያዋርዳቸው አይደለም። ስሕተቱ ካልተነገረ ለሚመጣው ትውልድ እንደ እውነት እንደሚወረስ ስለገባው ነው።

በሺራዝ ቤተ መንግሥት

በዚህ ጊዜ በፋርስ ምድር የነገሡት የቡወይህ ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነሱ ሁሉ ገናና የሆነው አዱድ አድ-ደውላ በ338 ዓመተ ሂጅራ በሺራዝ ሥልጣን ሲይዝ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። አል-ሱፊ በዚያን ጊዜ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኝ የበሰለ ሊቅ ነው። ልጁ አሚር ዕውቀት ይወድ ነበርና አል-ሱፊ የከዋክብት አስተማሪው ሆነ።

አዱድ አድ-ደውላ አድጎ ባግዳድን እስከ መቆጣጠር የደረሰ ኃያል ገዥ ሆነ። በባግዳድ በስሙ የሚጠራ ትልቅ ሆስፒታል አቋቋመ፣ በሺራዝ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት አደራጀ፣ በኩር ወንዝ ላይም እስከ ዛሬ የሚታይ ግድብ አሠራ። ይህ ሁሉ ክብር ቢኖረውም በአስተማሪዎቹ ይኮራ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። በሰዋስው አስተማሪው አቡ ዐሊ አል-ፋሪሲ፣ በፈለክ ሠንጠረዥ አስተማሪው ኢብን አል-አዕለም፣ በከዋክብት ዕውቀት ደግሞ አል-ሱፊ እንደነበሩ በኩራት ያነሣ ነበር። ንጉሥ በተማረበት ሰው ሲኮራ መስማት ልጆቻችንን ለምናስተምር ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ሰማዩን የያዘው መጽሐፍ

አል-ሱፊ የሕይወቱን ትልቁን ሥራ ያጠናቀቀው በ353 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ964 ነው። ዕድሜው ስልሳ ዓመት ደርሶ ነበር። መጽሐፉ የቋሚ ከዋክብት ምስሎች መጽሐፍ ይባላል፤ ያበረከተውም ለአሚሩ ነው።

አሠራሩ ሥርዓት ያለው ነው። 48ቱን የከዋክብት ምስሎች በተራ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ምስል በመጀመሪያ ከዋክብቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ይህ ኮከብ ከዚያኛው በስተደቡብ ነው፣ ይህ ከዚያ ይደምቃል፣ እዚህ ላይ በጥሊሞስ የጻፈው ከሚታየው ጋር አይስማማም እያለ ይተርካል። ቀጥሎ የዐረቦቹን ስያሜ ያመጣል፤ በግሪኩ መጽሐፍ የሴት ራስ ላይ ያለው ኮከብ በበረሃው ሰው ዘንድ ምን እንደሚባል ያገናኛል። በዚህ መንገድ ለዘመናት ሳይተዋወቁ የኖሩትን ሁለት ጎራዎች በአንድ ገጽ ላይ አስታረቃቸው። በመጨረሻም ሥዕልና ሰንጠረዥ ያስቀምጣል።

ሥዕሉ ላይ ትንሽ እንቆይ። አል-ሱፊ እያንዳንዱን ምስል የሣለው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሥዕል ከመሬት ቀና ብለን ስናይ የምናገኘው ነው። ሁለተኛው የከዋክብት ሉል ላይ የሚታየው ነው። ሁለቱ ልክ በመስታወት ውስጥ እንደምናየው ፊታችን ግራና ቀኛቸው የተገለበጠ ነው። ምክንያቱም ሉሉን የምናየው ከውጭ ሆነን ሲሆን፣ ሰማዩን የምናየው ግን ከውስጥ ሆነን ነው። ብዙ ሰዎች ሉሉን ተምረው ሌሊት ሲወጡ የሚደናገሩት በዚህ ነበር። አል-ሱፊ ነገሩ ያው ሆኖ ሳለ የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ መልኩን እንደሚለውጠው አስተማረ። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ የተበደረውንና በራሱ ዓይን ያገኘውን ለይቶ አስቀመጠ። የከዋክብቱን ቦታ አዲስ አልለካም። የከዋክብት ቦታ በጣም በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ፣ በበጥሊሞስ ቁጥሮች ላይ ባለፈው ጊዜ ልክ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመረበት። በጥሊሞስ ይህን እንቅስቃሴ በ100 ዓመት 1 ዲግሪ ብሎት ነበር፤ አል-ሱፊ የተጠቀመው ከእሱ በፊት የነበሩ የሙስሊም ሊቃውንት ያረሙትን፣ በ66 ዓመት 1 ዲግሪ የሚለውን ነው። ዛሬ የሚታወቀው 72 ዓመት ገደማ ነውና እርማቱ ወደ እውነቱ በጣም ቀርቦ ነበር። ድምቀቱን ግን ከማንም አልተበደረም። ከዋክብቱን በሙሉ ራሱ ተመለከተ፣ ከደማቁ አንደኛ ደረጃ እስከ ደብዛዛው ስድስተኛ ደረጃ መደባቸው፣ በደረጃዎቹ መካከል የሚወድቁትንም ከዚህ ያነሰ ከዚያ የበለጠ እያለ ለየ። የዴንማርኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሼለሩፕ እ.ኤ.አ. በ1874 መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ ሲተረጉም የዘመኑ ተመራማሪዎች በዚህ የድምቀት መዝገብ ትክክለኛነት ተገረሙ። መሣሪያው ዓይኑ ብቻ ነበር።

በዓሣው አፍ ላይ ያለችው ደመና

ከ48ቱ ምስሎች አንዷ በሰንሰለት የታሰረች ሴት ናት፤ አውሮፓውያን አንድሮሜዳ ይሏታል። ዐረቦች በዚያው የሰማይ ክፍል ላይ ትልቅ ዓሣ ያዩ ነበር። አል-ሱፊ ሁለቱን ምስሎች አንድ ላይ ሲሥል፣ ሴቲቱን አቋርጦ የሚያልፈው ዓሣ አፍ ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች አደረገ። ነጠብጣቦቹ ኮከብ አይደሉም። በጽሑፉ ደመና መሰል ብዥታ ብሎ የገለጻት ነገር ምልክት ናቸው።

በጥሊሞስ በመዝገቡ ውስጥ ደመና መሰል ያላቸው ጥቂት ቦታዎች ነበሩ፤ ይህቺ ግን ከእነሱ መካከል የለችም። እስከምናውቀው ድረስ ጽሑፋቸው ከደረሰን ሊቃውንት ሁሉ አንድሮሜዳን በመጽሐፍ ያሰፈረ የመጀመሪያው ሰው አል-ሱፊ ነው። በሌላ የሰማይ ክፍል ደግሞ በትናንሽ ከዋክብት የተሞላ ሌላ ደመና መሰል ቦታ መዝግቧል፤ ይህ ዛሬም በእሱ ስም የአል-ሱፊ ክምችት እየተባለ ይጠራል።

አንዳንድ ጽሑፎች በአድናቆት ብዛት አል-ሱፊ ጋላክሲን አገኘ ይላሉ። እኛ እንደዚያ አንልም፤ እሱም ቢሆን አይወድልንም። ጋላክሲ የሚለው አሳብ በዘመኑ አልነበረም። ያቺ ነጥብ ሩቅ ትሁን ቅርብ፣ ጭጋግ ትሁን የከዋክብት ክምችት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ታላቅነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚያከብረው መጽሐፍ ውስጥ የለችም ብሎ አላለፋትም። ምንነቷ ስላልገባው አልደበቃትም። ኮከብ ብሎ መዝገቡን አላሟላባትም። የታየችውን ያህል፣ በታየችበት ቦታ፣ በታየችበት መልክ አስቀመጣት።

ቀለበቱ፣ አስትሮላቡና የብር ሉሉ

አል-ሱፊ የመጽሐፍ ሰው ብቻ አልነበረም። በሺራዝ እ.ኤ.አ. በ969 እና በ970 ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የመለኪያ ቀለበት ተተክሎ የፀሐይን ከፍታ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀናት ለካ። ትልቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ በኋላ ይህን ልኬት በመጻሕፍቱ ጠቅሶታል።

ስለ አስትሮላብም በሰፊው ጽፏል። አስትሮላብ በእጅ የሚያዝ የነሐስ ሰሌዳ ሲሆን፣ የፀሐይን ወይም የአንድን ኮከብ ከፍታ ለክቶ ሰዓትን ያሳያል። የሶላት ወቅቶችን ለማወቅና የቂብላን አቅጣጫ ለማስላት በሙስሊሙ ዓለም ለዘመናት ያገለገለው ይህ መሣሪያ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው የሶላት ሰዓትና የቂብላ ጠቋሚ ከሥሩ ያለው ሒሳብ እነዚያ ሊቃውንት የለፉበት ዓይነት ሒሳብ ነው።

ለአሚሩ ደግሞ ከዋክብት የተቀረጹበት የብር ሉል ሠርቶለት ነበር። ይህ ሉል ሊቁ ካለፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ435 ዓመተ ሂጅራ፣ በካይሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታይቷል። ክብደቱ 3 ሺህ ድርሃም፣ የተገዛበትም ዋጋ 3 ሺህ ዲናር እንደነበር ተጽፏል። ሉሉ ዛሬ የለም። ብሩ ቢጠፋም መጽሐፉ ተርፏል።

ከሞቱ በኋላ

አል-ሱፊ በ376 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ986 በሺራዝ አረፈ። ደቀ መዝሙሩ አሚር ሦስት ዓመት ቀድሞት ሄዷል። ሊቁ 82 ዓመት ኖሯል።

መጽሐፉ ግን መንገዱን ቀጠለ። ከዋክብቱን በቃል ለመያዝ እንዲመች በግጥም የተጻፈና በልጁ ስም የሚታወቅ ሥራ አለ። በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ያለው ዝነኛ ሥዕላዊ ቅጂም በልጁ እጅ የተዘጋጀ ነው ሲባል ለረጅም ጊዜ ኖሯል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ናስሩዲን አል-ጡሲ መጽሐፉን ወደ ፋርስኛ ተረጎመው። በዚያው ክፍለ ዘመን በስፔን በንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ አደባባይ በካስቲልያ ቋንቋ ለተዘጋጀ የከዋክብት መጽሐፍ መሠረት ሆነ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሳምርካንዱ ገዥና የፈለክ ሊቅ ኡሉግ ቤግ የራሱን አዲስ የከዋክብት መዝገብ ሲሠራ፣ ከከተማው ማየት ያልቻላቸውን 27 የደቡብ ከዋክብት ከአል-ሱፊ ወሰደ። ለኡሉግ ቤግ የተዘጋጀው ያማረ ቅጂ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

አውሮፓውያን ስሙን አዞፊ ብለው ጠሩት። በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጎድጓዳ ሥፍራ በዚህ ስም ተሰይሟል። ዛሬ ዓለም ሁሉ አልደባራን፣ ሪጀል፣ አልታይር፣ ደነብ እያለ የሚጠራቸው ከዋክብት ስማቸው ዐረብኛ ነው፤ እነዚህን ስሞች ለዓለም ካቆዩት መጻሕፍት አንዱም የአል-ሱፊ ነው።

ደመናዋ ስትገለጥ

አል-ሱፊ ከሞተ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1612 ጀርመናዊው ሲሞን ማሪዩስ በአዲሱ መሣሪያ በቴሌስኮፕ ያቺን ደመና ተመለከታት። በ1764 ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ በመዝገቡ 31ኛ ቁጥር ሰጣት፤ የአል-ሱፊን ሥራ ስላላወቀ ቀዳሚነቱን ለማሪዩስ ሰጠ። በ1888 አይዛክ ሮበርትስ በእንግሊዝ አገር ረጅም ሰዓት ወስዶ ፎቶግራፍ ሲያነሣት፣ ብዥታው ውስጥ እንደ ውኃ አዙሪት የተጠማዘዙ ክንዶች ታዩ።

ጥያቄው ግን ገና አልተፈታም። ይህች አዙሪት እኛ ባለንበት የከዋክብት ክምችት፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ናት ወይስ ከእሱ ውጭ? የመፍቻውን ቁልፍ ያገኘችው አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሌቪት ናት። ብርሃናቸው በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ አንዳንድ ከዋክብት የለውጣቸው ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸውም እንደሚጨምር በ1912 አሳየች። እውነተኛ ድምቀቱ የታወቀ ኮከብ ደብዝዞ ከታየ ምን ያህል እንደራቀ ማስላት ይቻላል። ኤድዊን ሀብል በጥቅምት 1923 በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ በአንድሮሜዳ ውስጥ እንደዚህ ያለ ኮከብ አገኘ። ሒሳቡ ሲሠራ ደመናዋ ከፍኖተ ሐሊብ እጅግ የራቀች ሆነች። ዛሬ ርቀቷ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ መሆኑ ይታወቃል። አል-ሱፊ ያያት ብርሃን ሰው በምድር ላይ ከተማ ከመሥራቱ እጅግ ቀድሞ የተነሣ ብርሃን ነበር።

ጋላክሲዎች በየመልካቸው

ሀብል ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር አል-ሱፊን ያስታውሰናል። ብዙ ጋላክሲዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመልካቸው መደባቸው። በ1926 ያወጣው አመዳደብ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሞላላዎቹ ናቸው። ከፍጹም ክብ ጀምረው እንደ ዕንቁላል እየሞለሉ ይሄዳሉ፤ ክቡ ዜሮ፣ እጅግ የሞለለው ሰባት ቁጥር ተሰጥቶታል። በአብዛኛው ያረጁ ከዋክብት ያሉባቸው፣ ለአዲስ ኮከብ መወለጃ የሚሆን ጋዝ እምብዛም የሌላቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ ጥምዝምዞቹ ናቸው። መካከላቸው ያበጠ፣ ዙሪያቸው ሰፌድ መሰል፣ ክንዶቻቸው የተጠቀለሉ ናቸው። ክንዳቸው ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለውና መካከሉ ትልቅ የሆነው በአንድ ጫፍ፣ ክንዱ የተበተነውና መካከሉ ትንሽ የሆነው በሌላው ጫፍ ይደረጋሉ። አንድሮሜዳ ከእነዚህ መካከለኛዋ ናት። ሦስተኛዎቹም ጥምዝምዝ ሆነው መካከላቸውን እንደ አግዳሚ እንጨት የሚያቋርጥ የከዋክብት ዘንግ ያላቸው ናቸው። የእኛ ፍኖተ ሐሊብ ከእነዚህ ይመደባል። ከእነዚህ ሁሉ የማይገጥሙት ቅርጽ የለሾቹ ናቸው፤ በደቡብ ሰማይ ላይ በዓይን የሚታዩት ሁለቱ የማጂላን ደመናዎች ለዚህ ምሳሌ ሲሆኑ ይቀርባሉ።

ሀብል በ1936 ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል አሳየው። ሥዕሉ ባላ እንጨት ይመስላል። እጀታው ሞላላዎቹ፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች ሁለቱ የጥምዝምዝ ዓይነቶች ናቸው። መገናኛው ላይ እንደ ሰፌድ የጠፈጠፉ ግን ክንድ የሌላቸው ጋላክሲዎች ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል የዕድሜ ቅደም ተከተል አድርጎ ያየው ነበር፤ ሞላላው አድጎ ጥምዝምዝ ይሆናል ተባለ። በኋላ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ታወቀ። እንዲያውም ሁለት ጥምዝምዝ ጋላክሲዎች ሲጋጩና ሲዋሐዱ ሞላላ ጋላክሲ ሊፈጠር ይችላል። መልክን በትክክል መመዝገብና የመልክን ምክንያት ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በትክክል ከተሠራ ሁለተኛው ቢዘገይም ይመጣል።

አሁን ያዙልን ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። ሰፌድን ፊት ለፊት ብታዩት ክብ ነው፣ ዘንበል ብታደርጉት ሞላላ ይሆናል፣ በጠርዙ በኩል ብታዩት ቀጭን መስመር ነው። ጋላክሲም እንደዚሁ ነው። አንድሮሜዳ ለእኛ የምትታየው በጣም ዘንበል ብላ ነውና እንደ ረጅም ብዥታ ትመስላለች። ጋላክሲን የሚመድብ ሰው ይህ መልክ የራሷ ነው ወይስ ከቆምኩበት ቦታ የመጣ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። አል-ሱፊ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ሲሥል ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

ለቤተሰብ የቀረ የቤት ሥራ

ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር ደግሞ ሰማዩ እዚሁ አለ። አንድሮሜዳ ከአገራችን ያለ ምንም መሣሪያ ትታያለች። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ምሽቶች፣ ጨረቃ በሌለችበትና የመብራት ብርሃን በራቀበት ቦታ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ተገልብጦ የተጻፈ የ«ሠ» ፊደል የሚመስሉ አምስት ከዋክብት ታገኛላችሁ። ከሁለቱ ጫፎች ይበልጥ የሾለውን ያዙና፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በጨበጣችሁት እጅ አንድ ቡጢ ተኩል ያህል ወደ ላይ ሂዱ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ደብዛዛ ብዥታ ብቅ ትላለች። በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ስታዩ ይበልጥ ትታያለች።

ልጆቹ ሲያዩ ምን ታያችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን ግን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። አንዱ ምንም አልታየኝም ቢል አትቆጡት፣ እውነቱን ተናግሯልና። ሌላው ደመና መሰለኝ ቢል ከሺህ ዓመት በፊት በሺራዝ የኖረው ሽማግሌ ያለውን ደገመ ማለት ነው። ያን ሽማግሌ ያስከበረው ሁሉን ማወቁ አይደለም። ያየውንና የሰማውን፣ የተበደረውንና የራሱን፣ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሳያቀላቅል ለእኛ ማስረከቡ ነው። ብርሃኑን ከሩቅ ያየ ሰው በታማኝነት ከጻፈው፣ የሚከተለው ትውልድ ከደረሰበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል።